ዲቪ ለምኔ?

ዲቪ እየሞላችሁ ስማችሁ ሳይወጣ ለቀረባችሁ ሁሉ የምሥራች! የአሜሪካ ነዋሪ ለመሆን ከእንግዲህ ዕጣ መጠበቅ፣ ኤምባሲ ደጅ መሰለፍ ቀርቷል። አዲስ አይፓድ ይዛችሁ ቦሌ ወይም መርካቶ ካለ የሞባይል ሱቅ ጎራ በሉ። ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠው ልጅ ማኪያቷችሁን ሳትጨርሱ የካሊፎርኒያ ነዋሪ ያደርጋችኋል።

አይፓድ ሲከፈት እንግዳ ተቀባይ ነው። አገራችሁን ምረጡ ሲል ኢትዮጵያን አይዘነጋም፤ የግዕዝ ፊደልም አሳምሮ ያሳያል። አፕ ስቶር በር ላይ ሲደርስ ግን ድንገት መርሳት ይይዘዋል። አካውንት ልክፈት ስትሉ ከሚመጣው ዝርዝር ኬንያ አለች፣ ዩጋንዳ አለች፣ ግብፅም አለች፤ ኢትዮጵያ የለችም። አፕል መደብሩን በ175 አገሮችና ግዛቶች ሲከፍት እኛን የተወን ንቆን እንዳይመስላችሁ። ጊዜያችንን በጌም እንዳናባክን አስቦልን ነው። ውለታውን ይክፈለው።

ልጁ ግን ይህ ሁሉ አይገባውም፤ ይጽፋል። ከተማ፦ ቤቨርሊ ሂልስ። ዚፕ ኮድ፦ 90210። የመንገዱ ስም? አፉ ላይ የመጣለትን። ክፍያ የሚለው ጋ «ምንም» የሚለውን ይነካል፤ በቃ። የቀበሌ መታወቂያ ለማሳደስ ሄዶ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ» ሲባል የከረመ ሰው የሆሊውድ ተዋንያን ጎረቤት ሆኖ ይወጣል። ያቺ ከተማ ከእኛ ሰፈር ብቻ ስንት ሰው እንደተጠጋባት ብታውቅ ውኃ በፈረቃ ማደል ትጀምር ነበር።

በአሜሪካዊ አድራሻችን ገብተን ምን እናወርዳለን? ቴሌብር! ኢትዮ ቴሌኮም በ2013 ዓ.ም. እዚሁ ያስጀመረውን፣ የመብራት የምንከፍልበትን ቴሌብር። ከቤት ወደ ጓሮ ለመሄድ ውቅያኖስ መሻገር ማለት ይኼ ነው። ዱባይ ያለችው እህታችሁ ከዚያው ገዝታ የላከችላችሁ የስጦታ ካርድ ደግሞ አይሠራም። እንዴት ይሠራል? እናንተ አሜሪካዊ ናችኋ!

እኔ ከሁሉ የማደንቀው የልጁን ደግነት ነው። አካውንቱን ሲከፍት እናንተን ላለማስቸገር ኢሜይሉን የራሱን፣ የይለፍ ቃሉንም የራሱን ያደርገዋል። ታዲያ አንድ ቀን አይፓዱን ጠርጋችሁ እንደ አዲስ ልትጀምሩ ስትሉ፣ መጀመሪያ የተከፈተበትን አካውንት የይለፍ ቃል አምጡ ይላችኋል። ልጁን ፍለጋ ብትሄዱ ሱቁ ጫማ መሸጫ ሆኗል። ስልኩም አይሠራም፤ ምናልባት እሱ የእውነቱ ዲቪ ደርሶት ይሆናል። በእጃችሁ የቀረው በውድ ዋጋ የተገዛ የሽንኩርት መክተፊያ ነው።

አፕል ካርታ ላይ እስኪያገኘን ድረስ ውሸቱ አይቀርልንም። ስለዚህ የተከበራችሁ የቤቨርሊ ሂልስ ነዋሪዎች፣ አድራሻውን ልጁ ይዋሽላችሁ፤ ኢሜይሉንና የይለፍ ቃሉን ግን በገዛ እጃችሁ ጻፉ።