በዴንማርክ ቤቶች ስለሚበራው ሻማ አጭር ምርመራ

የቤተሰብን ቤት በክረምት እንደ ዴንማርኮች ምቹና አረጋጊ ስለማድረግ የተጻፉ መጻሕፍት በብዙ ነገር ቢለያዩም፣ አንባቢው የጣሪያውን መብራት አጥፍቶ ሻማ እንዲለኩስ በማዘዝ ይስማማሉ። ይህ ትእዛዝ፣ የሰፈር ልጆች የመብራትን መምጣት በጩኸት በሚቀበሉበት አገር ላደገ አንባቢ በቀላሉ የሚዋጥ አይደለም፤ በእርሱ ዘንድ ሻማ ክብሪቱ የት እንደተቀመጠ ማንም የማያስታውስበት የመደናበር ሰዓት መጀመሪያ እንጂ የመረጋጋት ምልክት ሆኖ አያውቅም። ኤሌክትሪክ የማይቋረጥበት ሕዝብ ማታ ማታ በገዛ እጁ መብራቱን ማጥፋቱ፣ ማጥፋቱንም ከጥበብ መቁጠሩ፣ በዚህ መጣጥፍ ጸሐፊ ጉሮሮ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክቶ ስለቀረ፣ ጉዳዩን በሥርዓት መመርመር ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

የጉዳዩ ዋና ቃል «ሁገ» ነው። ዴንማርኮች በዚህ ቃል ከቅርብ ሰዎች ጋር ያለ ጥድፊያና ያለ ክርክር በሞቀ ቤት ተሰብስቦ መቀመጥን፣ መብላትንና መጠጣትን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚያ ሰዓት የሚሰማውን የልብ ማረፍ ያመለክታሉ። ክረምት ሲባልም በዚህ ጽሑፍ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ የሚዘልቀው የሰሜን አውሮፓ ወቅት ነው፤ ዓመታቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጠቅሰዋል። የዚህ ወቅት ብርድ እንደሚወራለት የከፋ አይደለም፤ አገሪቱ ከሞላ ጎደል በባሕር የተከበበች ስለሆነች አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ ዲግሪ ብዙም አይርቅም። የከፋው ጨለማው ነው። በዲሴምበር መጨረሻ በኮፐንሃገን ፀሐይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ወጥታ ገና 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ በመካከል ባሉት 7 ሰዓታትም ደመናው ካልፈቀደ አትታይም። እንግዲህ ጠላቱ ጨለማ ሆኖ ሳለ፣ ጠላቱን ለመመከት የተመረጠው ዘዴ ብርሃን መቀነስ መሆኑ የመጀመሪያው የምርምር ችግር ነው።

ችግሩን የሚያባብሰው ደግሞ ዴንማርኮች ስለ ኤሌክትሪክ መብራት ከማንም በላይ የተጨነቁ ሕዝቦች መሆናቸው ነው። ከ1894 እስከ 1967 የኖረው አርክቴክትና ሐያሲ ፖል ሄኒንግሰን፣ የአምፖል ብርሃን ዓይን ይወጋል በሚል ቅሬታ ተነሥቶ ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዕድሜውን በመብራት ሽፋኖች ላይ ያሳለፈ ሰው ነበር፤ ሽፋኖቹን አንዱን ከሌላው በላይ እየደረደረ፣ ሰው በየትኛውም ማዕዘን ቢቀመጥ አምፖሉን ራሱን እንዳያይ፣ ብርሃኑ ግን ለስልሶ ገበታው ላይ እንዲያርፍ አደረገ። በ1958 የቀረበውና ስሙን ከ50 ሳንቲ ሜትር ስፋቱ ያገኘው ፒ ኤች 5 የተባለው መብራት ዛሬም በብዙ የዴንማርክ ቤቶች ከምግብ ጠረጴዛ በላይ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ይገኛል፤ አዲሱ ሲገዛ በሺዎች የሚቆጠር ክሮነር ያስወጣል። በዚህ መብራት ሥር፣ ሰውየው ሕይወቱን የሰጠበት ብርሃን በአንድ ሜትር ርቀት ላይ እያለ፣ ቤተሰቡ ሻማ ለኩሶ ይቀመጣል።

የሻማው መጠንም ቀላል አይደለም። በኮፐንሃገን የደስታ ምርምር ተቋም የመሠረተው ማይክ ቪኪንግ በ2016 ስለ ሁገ ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ አንድ ዴንማርካዊ በዓመት 6 ኪሎ ያህል ሻማ እንደሚያነድ ጽፏል (የአዲስ አበባ አንባቢ ልብ ይበል፤ ስለ ሰፈር ሳይሆን ስለ ሰም ነው የሚወራው)። ከዚህ ሁሉ ሰም መካከል ግን ለብቻው ሊጠና የሚገባው አንድ ሻማ አለ፤ እርሱም በዴንማርክኛ «ካለነርሉስ» የሚባለው የቀን መቁጠሪያ ሻማ ነው። ይህ ሻማ ረጅም ሆኖ፣ ከላይ እስከ ታች ከ1 እስከ 24 የሚደርሱ ቁጥሮች በመስመር ተለያይተው ተጽፈውበታል፤ ዲሴምበር 1 ቀን ይለኮስና የዕለቱ ቁጥር ነዶ እንዳለቀ እፍ ተብሎ ይጠፋል፤ በነጋታውም የሚቀጥለው ቁጥር እንዲሁ ይነዳል፤ በዚህ አኳኋን ዴንማርኮች የገናን ዋዜማ በሚያከብሩበት በ24ኛው ቀን የመጨረሻው ቁራጭ ያልቃል። ሐሳቡ ውብ ነው። ሻማው ግን ቁጥር አያነብም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ የአመክንዮ እንቅፋት ይከሰታል። ሻማው የተለኮሰው ቤተሰቡ ተረጋግቶ፣ ሰዓት ረስቶ፣ በጨዋታ ተመስጦ እንዲቀመጥ ነው፤ ቤተሰቡ በእርግጥ ሰዓት ረስቶ በጨዋታ ከተመሰጠ ግን ሻማውን የሚጠብቅ ስለማይኖር፣ ራት ተበልቶ ሳህኑ ሲነሣ ሻማው ከ9ኛው ቀን አልፎ 11ኛውን አጋምሶ ይገኛል። በአንጻሩ ሻማው በትክክል በመስመሩ ላይ ከጠፋ፣ ከገበታው ዙሪያ ቢያንስ አንድ ሰው ጨዋታውን ትቶ መስመር ሲጠብቅ አምሽቷል ማለት ነው። ከዚህ እንደሚታየው ሁገው ከሰመረ ሻማው ይበላሻል፤ ሻማው ከሰመረ ሁገው አልነበረም። ቁጥሩን ያለፈ ሻማ የሚታረምበት መንገድም አጥጋቢ አይደለም፤ ወላጆች የተቃጠሉት ቀናት እስኪደርሱ ሻማው ሳይለኮስ ይቆይ ይላሉ፣ ልጆች ይህን የፍርድ መጓደል አድርገው ይቆጥሩታል፣ ሁለተኛ ሻማ ተገዝቶ በድብቅ እስከሚፈለገው ቁጥር ቢነድ ደግሞ ሌላ የሚጠበቅ ሻማ ይሆናል። ለሁለት ቀን ዘመድ ጥየቃ የሄደ ቤተሰብም ሲመለስ የሁለት ቀን ዕዳ ተከማችቶ ስለሚጠብቀው፣ ዕዳውን ለማቃለል እስከ እኩለ ሌሊት ቁጭ ብሎ ሰም ማቅለጥ ይኖርበታል። ከዚህ ሌላ እፍ የማለት መብት ጥያቄ አለ፤ 24 ለ2፣ ለ3ና ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል እስከ አራት ልጆች ያሉት ቤት በሰላም ሊኖር ይችላል፤ አምስት ልጆች ካሉ ግን አራት ምሽቶች ስለሚተርፉ፣ አንዱ ልጅ በምን ሕግ ከትርፉ እንደሚወጣ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። በኮፐንሃገን የሚኖር ኦርቶዶክስ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ይህን ሻማ ቢገዛ ደግሞ፣ ሻማው በዲሴምበር 24 ሲያልቅ ገና ሁለት ሳምንት ጾም ይቀረዋል፤ ለዚያ ለሚቀረው ጊዜ የሚሆን ቁጥር የተጻፈበት ሻማ ገበያው እስካሁን አላቀረበም።

የሻማው ጣጣ በዚህ አያበቃም። በ2013 የታተመና በ56 የዴንማርክ ቤቶች የተካሄደ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በጥናቱ ወቅት ከቤቶቹ በግማሹ ሻማ ይበራ ነበር፤ በእነዚህም ነዋሪው ከሚተነፍሰው እጅግ ደቃቅ ብናኝ፣ ማለትም ከፀጉር ውፍረት በብዙ መቶ እጥፍ አንሶ ወደ ሳንባ ጥልቅ ከሚገባው ጥላሸት መሰል ቅንጣት፣ 60 በመቶ ያህሉ የመጣው ከሻማ ነው። የዴንማርክ ቤት ሙቀት እንዳያመልጥ ተጠቅጥቆ የተሠራ ስለሆነ ነዋሪዎች በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተው ቤቱን እንዲያናፍሱ ይመከራሉ፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ለመሞቅ ሻማ ይለኩሳል፣ የሻማውን ብናኝ ለማስወጣት መስኮት ይከፍታል፣ በመስኮቱ ብርድ ሲገባ ብርድ ልብስ ይደርባል፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ እንደገባም አሁን ነው ደስ የሚለው ብሎ ሌላ ሻማ ይለኩሳል። በገና ዋዜማ ሌሊትማ እውነተኛ ሻማ በተለኮሰበት ጥድ ዙሪያ እጅ ለእጅ ተያይዞ እየዘመሩ መዞር በብዙ ቤት የተለመደ ሲሆን፣ ጥንቁቅ አባወራ ውሃ የተሞላ ባልዲ ከጥዱ አጠገብ ያኖራል። በሥዕላዊ መጻሕፍቱ ውስጥ ባልዲው አይታይም።

የማይታየው ባልዲው ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀልድ ሊታለፍ ይችል ነበር። ሁገ በ2016 በእንግሊዝ አገር መዝገበ ቃላት አሳታሚዎች የዓመቱ ቃል ዝርዝር ውስጥ በገባበት ወቅት፣ መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ ሲታተም፣ ከመጽሐፉም ጋር ሻማ፣ የሱፍ ካልሲና ፎጣ የሚያክል ብርድ ልብስ ሲቸበቸብ፣ የዴንማርክን ቤት በእውነት የሚያሞቀው ነገር ከገጾቹ ተዘልሏል። ይህም ከመሬት በታች የተቀበረ ቧንቧ ነው። በ1973 የነዳጅ ቀውስ በደረሰ ጊዜ ዴንማርክ ለኃይል ፍጆታዋ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ከውጭ በሚመጣ ነዳጅ ላይ የተንጠለጠለች ስለነበረች፣ መንግሥት በእሑድ ቀን መኪና እስከመከልከል ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ድንጋጤ በኋላ የቤት ግንባታ ደንቦች ጠበቁ፣ በ1979 የሙቀት አቅርቦት ሕግ ወጣ፣ ማዘጋጃ ቤቶችም የየሰፈሩን ማሞቂያ እንዲያቅዱ ተደረገ። ዛሬ ከአገሪቱ ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚሞቁት በጋራ ማሞቂያ ነው፤ ይኸውም ከአንድ ማዕከል የሚነሣ ሙቅ ውሃ በቧንቧ ወደየቤቱ የሚሰራጭበት አሠራር ነው። ከማዕከሎቹ አንዱ በኮፐንሃገን በአማገር ደሴት ያለው፣ ጣሪያው ላይ የበረዶ መንሸራተቻ የተሠራለት ግዙፍ የቆሻሻ ማቃጠያ ነው። ቤተሰቡ በሻማ ዙሪያ ተሰብስቦ የሚሞቀው፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ የከተማው ቆሻሻ ተቃጥሎለት ነው። በዚህ ላይ በሠራተኛና በአሠሪ ስምምነት የጸና የ37 ሰዓት የሥራ ሳምንት ስላለ፣ አባትና እናት ራት ሳይደርስ ቤታቸው ይገኛሉ።

ይህን ሁሉ አስቀርቶ ግድግዳው ለሻገተበት፣ ማሞቂያውን በሳንቲም ቆጥሮ ለሚያበራ የሎንዶን ተከራይ ሻማና ካልሲ እየሸጡ መረጋጋትን መስበክ ማታለል ነው። ቤቱ የቀዘቀዘው አከራዩ ስላላደሰው፣ መንግሥትም ስላላስገደደው ሆኖ ሳለ፣ ብርዱ የተከራዩ የስሜት ጉድለት ተደርጎ ይቀርብለታል፤ ሦስት ሻማ አብርቶም ካልተረጋጋ ጥፋቱ የራሱ ይሆናል፣ ምናልባትም አራተኛ ሻማ ያስፈልገዋል። ሕግና ቧንቧ ያመጡትን ሙቀት የሻማ ተአምር አድርጎ መሸጥ፣ ሻጩ ምንም ያህል ፈገግተኛ ቢሆን፣ ንግድ እንጂ ምክር አይባልም።

ሆኖም ፍርድን ማለዘብ የሚጠይቁ ነጥቦች አሉ። ቧንቧው ከመሬት በታች ስለሆነ ማንም ዙሪያውን ተሰብስቦ ሊቀመጥ አይችልም፤ የ1979ን ሕግ ለማጥፋትም እፍ ልበል አልበል እያሉ የተጣሉ ወንድማማቾች ስለመኖራቸው በጽሑፍ የተገኘ ማስረጃ የለም። በጠዋት ጨለማ ቁርስ ለሚበላ ሕፃን የጣሪያ መብራት ዓይን ውስጥ ከመወርወር ትንሽ ነበልባል ፊቱ ላይ ማኖር ርኅራኄ እንደሆነ መካድ አይቻልም፤ ሄኒንግሰንም በሕይወት ቢኖር ቢያንስ ዓይን የማይወጋ መሆኑን ይመሰክርለት ነበር። ከዚህም ሌላ ዴንማርኮች ምቾትን በተመለከተ ወደ ውጭ አገር ገበያ እምብዛም ያልወጡ ልማዶች አሏቸው፤ ለምሳሌ ባልና ሚስት በአንድ አልጋ ላይ ሁለት የተለያየ ብርድ ልብስ ለብሰው ይተኛሉ፣ በዚህም ሌሊት በመጎተት የሚመጣው ጠብ ከሥሩ ይቀራል። ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው ደግሞ ቤቱን እንዲህ ካሞቁና ካስዋቡ በኋላ፣ የቤቱን ትንሹን አባል በቀን ለማስተኛት ወደ ውጭ ማውጣታቸው ነው፤ ሕፃኑ በሱፍ ተጠቅልሎ በጋሪ ውስጥ ይተኛና፣ ጋሪው ከመስኮት ሥር ወይም ከግቢው ጥግ ይቆማል፣ ወላጆቹም ውስጥ ሆነው ቡናቸውን ይጠጣሉ። ንጹሕ አየር እንቅልፍ ያረዝማል፣ ጤናም ይሰጣል የሚለው እምነት ከወላጅ ወደ ወላጅ የተላለፈ ነው፤ የሕፃናት ማቆያዎችም በክረምት ይህንኑ ያደርጋሉ። ይህ ልማድ ሻማ አይፈልግም፣ ካልሲ ከተለመደው በላይ አያስገዛም፣ ከብናኙም ሕፃኑን ያርቀዋል፤ ስለዚህ ከተዘረዘሩት ሁሉ የተሻለው ሳይሆን አይቀርም። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባም ሆነ በስቶክሆልም የሚገኝ አንባቢ ልማዱን ለመሞከር ቢያስብ፣ ጋሪውን ከደጃፍ ከማውጣቱ በፊት የሕፃኑን ሴት አያት ማስፈቀድ ይኖርበታል።