በሽንሌ በኩል ያለፈ በረዶ

የፈረንጅ ገና ታኅሣሥ 16 ነው፣ የእኛው 29። አንዱን ከመምረጥ ሁለቱንም ማክበር ሳይሻል አልቀረም! የነቢያት ጾም ሳይፈታ የአዲስ አበባው ሳሎን በፕላስቲክ ጥድ ይሸበረቃል፤ ኩኪሱ «የጾም ነው» እየተባለ ይጋገራል፤ ጥዱ ላይ ጥጥ ይነሰነሳል፤ በረዶ መሆኑ ነው።

ከጅቡቲ ወደብ የሚጫነው የበዓል ጌጥ ወደ መሐል አገር በባቡር ሲገባ በሽንሌ ምድር ያልፋል። ከድሬዳዋ በስተሰሜን ያለችው ያቺ የበረሃ ከተማ፣ ኮንቴይነር ሙሉ በረዶ ሲያልፍባት አንድ ቀን እንኳ በርዷት አያውቅም።

እዚያ ጋገራ ማለት ላሖህ ነው፦ ቡኮው ከምጣዱ መሐል ፈስሶ በክብ ይሳባል፣ ዓይን ያወጣል፤ ከዚያ የሰሊጥ ዘይትና ስኳር፣ ከጎኑም ሻይ። የእጅ ሥራም አለ። የአርብቶ አደር ሴቶች የሠሩት ምንጣፍ በጉዞ ላይ የግመል ጭነት፣ ሲሰፈር ደግሞ የቤት ክዳን ይሆናል። የእኛ የወረቀት ኮከብ ግን እስከ ጥር አንድ ቢቆይ ተመስገን ነው።

ድመቷንማ ቀይ ኮፍያ አልብሰን ፎቶ አነሣናት። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ፤ ጥዱን ገነደሰችው። የሽንሌዋ ድመት ኮፍያ የላትም፤ አይጥ በመያዝ ሥራ ተጠምዳለች።