ዳንቴል በሃርድ ዲስክ ጤና ላይ ያለው ሚና፦ ከሊሙ ገነት የተገኘ ምልከታ

በሊሙ ገነት ሃርድ ዲስክ የሚኖረው በሁለት ቦታ ነው፤ ፊልም በሚጭን ሱቅና ሠርግ በሚቀርጽ ፎቶ ቤት። በሁለቱም ክቡር ነው፤ ክብሩም የሚለካው በዳንቴል ነው። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ሪሲቨሩ ለብሷል፣ ከሪሲቨሩ አናት ላይ የተቀመጠው ዲስክም ለብሷል። ይህ ጥናት ልብሱን ይመለከታል።

በዲስኩ ሆድ ውስጥ ያለው ሳህን በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል። አንባቢው ጫፍ ሳይነካው በናኖ ሜትር በሚቆጠር ክፍተት ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። የሚፈጠረው ሙቀት መውጫው ቅርፊቱ ብቻ ነው። «ዳንቴል እኮ ቀዳዳ አለው» የሚል መከራከሪያ ከአንድ ባለሱቅ እናት ቀርቧል፤ ጥናቱ በአክብሮት መዝግቦ አልተቀበለውም።

የሚገርመው ይህ የቡና አገር የአየርን ነገር አሳምሮ ማወቁ ነው። የታጠበ ቡና ከላይም ከሥርም አየር እንዲያገኝ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ ይገላበጣል፤ ቀትር ላይ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ይሸፈናል። ለቡና እንዲህ የሚጠበብ ሰው ዲስኩን አልብሶ የሚግል ሪሲቨር ላይ ያስተኛል።

ዲስኩ ሲሞት የመጀመሪያው ተከሳሽ ከፍታው ነው። ስስ አየር አንባቢውን ጫፍ ስለማይሸከም ብዙ አምራቾች ከ3000 ሜትር ገደማ በላይ አይፈቅዱም። ይህ ራስ ዳሸን ላይ ፊልም መጫን ላሰበ ይጠቅማል፤ ሊሙ ገነት ግን ነጻ ናት። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ጉግል በ2007 እ.ኤ.አ. ከ100,000 በላይ ዲስኮች መርምሮ ሙቀት የተፈራውን ያህል ገዳይ እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ቀዝቀዝ ያሉት ይበልጥ እንደተበላሹ አሳትሟል። የዳንቴል ወገኖች በዚህ እንዳይደሰቱ፤ እነዚያ ዲስኮች ነፋስ በሚገባበት አዳራሽ የኖሩ ናቸው፣ ዳንቴል የለበሰም በመካከላቸው አልነበረም። ዲስኩን ፍሪጅ ውስጥ የሚከቱትም ይታቀቡ፤ ሲወጣ ውሃ ይቋጥራል።

ዋናው ጥፋተኛ ሌላ ነው። «ወንድሜ ቶሎ በል፣ መኪናው ሊሄድብኝ ነው» ይባላል፤ ሳህኑ እየዞረ ገመዱ ይነቀላል፤ ዲስኩ ከሪሲቨሩ አናት ይንሸራተታል። አንዳንዴ ደግሞ መብራት ራሱ ይሄድና ድካሙን ያቀልላል።

ስለዚህ ዳንቴሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ይመለስ። ዲስኩ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ይተኛ፤ በኮምፒውተሩ ከተሰናበተና መዞሩን ካቆመ በኋላ ይነሣ። የሠርጉ ቪዲዮ በአንድ ዲስክ ብቻ ያለ ፎቶ ቤት ግን ዛሬውኑ ሁለተኛ ቅጂ ያዘጋጅ፤ ሙሽሮቹ ድጋሚ አይጋቡለትም።