ሳይጠሩት አቤት

እኔ ኢንተርኔት የምገባው በጆሮዬ ነው። ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሥራ ስለለቀቀ፣ ኮምፒውተሬ ላይ ኤንቪዲኤ፣ ስልኬ ላይ ቶክባክ የሚባሉ ስክሪን ሪደሮች ጭኛለሁ፤ እነሱ ያነባሉ፣ እኔ እሰማለሁ። ሁለቱንም ባንድ ስም «አያ ልሳን» እላቸዋለሁ። አያ ልሳን ትጉህ ነው። አይደክመውም፣ አያኮርፍም፣ ቡና ጋብዘኝ አይልም። ዋጋውም አያስጨንቅም። ኤንቪዲኤን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ማይክል ከረን የሚባል ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ወጣት ነው፤ ማየት የማይችል ሰው ኮምፒውተር ለመጠቀም ከሚያየው ሰው በላይ ሊከፍል አይገባም ብሎ በነጻ ለቀቀው። እንደ እኔ ያለ የወልድያ አስተማሪ በደመወዙ ከዚህ የተሻለ አንባቢ ሊቀጥር አይችልም። አማርኛው ብቻ ነው ትንሽ የሚቀረው፤ የሚጠብቀውን እያላላ፣ የሚላላውን እያጠበቀ ያነባል። ለምጀዋለሁ።

ስንሠራ ሥርዓት አለን። ገጽ ስከፍት እሱ ከላይ ይጀምራል። ኤች ስጫን ከርዕስ ወደ ርዕስ፣ ኬ ስጫን ከሊንክ ወደ ሊንክ፣ ቢ ስጫን ከቁልፍ ወደ ቁልፍ ያዘልለኛል። ፍጥነቱን ስለማበዛው አጠገቤ የተቀመጠ ሰው አንድም ቃል አይለይም፤ ለእኔ ግን ጥርት ያለ ወሬ ነው። ይህን ሥርዓታችንን የሚያፈርሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማንም ሳይነካው በራሱ የሚነሣ ድምፅና ቪዲዮ።

አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ማስታወቂያ ለማንበብ የሆነ የዜና ገጽ ከፈትኩ። አያ ልሳን «ርዕስ፣ ደረጃ አንድ» ሊል ሲል አንዲት ሴትዮ ቀደመችው። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ሦስት መኝታ አፓርታማ ልትሸጥልኝ ፈለገች። ከሰገነቱ ላይ ሆኜ ከተማዋን ቁልቁል ስመለከት የሚሰማኝን ደስታ በዝርዝር ነገረችኝ። እኔ ከተማ ቁልቁል ተመልክቼ አላውቅም፤ ግን ማን ጠይቆኝ።

የሚያይ ሰው ቢሆን ሰረቅ አድርጎ ሁለቱን ቋሚ ሰረዞች ያገኝና ይጫናል፤ አለቀ። የእኔ ጉዳይ ሌላ ነው። ማቆሚያውን ለማግኘት መስማት አለብኝ፤ እንዳልሰማ የሚያደርገኝ ደግሞ ማቆሚያ የምፈልግለት ያው ነገር ነው። ሴትዮዋ ቅድመ ክፍያው ላይ ስትደርስ እኔ ቢ እየተጫንኩ ፍለጋ ወጣሁ። አያ ልሳን ከድምፅዋ ሥር ሆኖ «በተን» አለ። አለፍኩት። «በተን።» አሁንም አለፍኩ። «በተን።» ገጹን የሠሩት ሰዎች ለቁልፎቻቸው ሥዕል እንጂ ስም አላወጡላቸውም። ስለዚህ አያ ልሳን ቁልፍ መሆኑን ያውቃል፤ የምን ቁልፍ እንደሆነ አያውቅም። ደፈር ብዬ አንዱን ተጫንኩት። ሴትዮዋ ከመጀመሪያው ጀመረች። ከወዲያ ጥግ የሒሳብ መምህራችን፣ «እስቲ ሊፍት አለው ወይ በላት» አለኝ።

ይህስ መሥሪያ ቤት ነው፤ ይሳቅና ይታለፋል። ለቅሶ ቤት ሲሆንስ?

መርሳ ላይ ዘመድ ሞቶብን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። አንድ አባት፣ «እስቲ ያችን ስልክህን ጠይቃት፣ የደሴው መንገድ ሰላም ነው ወይ?» አሉኝ። ገና የሚመጣ ለቀስተኛ ስለነበረ ሁሉም ጆሮውን ጣለ። አንድ ገጽ ከፈትኩ፤ አያ ልሳን ስለ መንገዱ የተጻፈውን ማንበብ ጀመረ። ጣቴ ወደ ታች ሲንሸራተት ቀጥሎ ያለው ቪዲዮ በራሱ ተነሣ። ሠርግ ነው። ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ እልልታ፣ ሙሽራዋን ከእግር እስከ ራሷ የሚያወድስ ዘፋኝ።

የድምፅ መቀነሻውን ተጫንኩ። እዚህ ላይ ስለ ስልክ አንድ ነገር ልናገር። አንድሮይድ ከስምንተኛው ዕትሙ ጀምሮ ለአንባቢው ለብቻው፣ ለሙዚቃው ለብቻው የድምፅ መጠን አበጅቷል። በመልካም ሐሳብ የተሠራ ነገር ነው። ግን አያ ልሳን እየተናገረ ሳለ ቁልፉን ከተጫኑ የሚቀንሰው የእሱ ድምፅ ነው። እኔ በተጫንኩ ቁጥር እሱ እየደከመ፣ ሠርጉ እየደመቀ ሄደ። በመጨረሻ አያ ልሳን ጨርሶ ጠፋና እኔና ዘፋኙ ብቻችንን ቀረን። ባትሪውን ልነቅል አሰብኩ፤ የዛሬ ስልክ ባትሪው አይነቀልም። በጋቢዬ ጠቅልዬ ተቀመጥኩበት። ሙሽሮቹ ከሥሬ ሆነው ጨዋታቸውን ቀጠሉ። ድንኳኑ ጭጭ አለ፤ ያየኝ ሰው ብዛት በዝምታው ይታወቀኛል። ከሴቶቹ በኩል አንዲት እትዬ፣ «አብሽር ልጄ፣ ሟቹስ ቢሆኑ ጨዋታ ይወዱ አልነበር?» ብለው አዳኑኝ።

ዘዴውን በኋላ የነገረኝ እንደ እኔው ዓይነ ስውር የሆነ ወዳጄ ነው፤ በቴሌግራም፣ በድምፅ መልእክት። በአዳዲሶቹ ቶክባኮች ላይ ስክሪኑን በሁለት ጣት ሁለቴ መታ መታ ማድረግ የሚጫወተውን ነገር ያቆመዋል። ቁልፍ ፍለጋ የለ፣ «በተን» የለ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ስገባ ሁለቱን ጣቶቼን ቀስሬ ነው።

ይህን ጣጣ ዓለም አያውቀውም ማለት አይደለም። የድረ ገጽ ደንብ የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 ባጸደቀው መመሪያ፣ ቁጥር 1.4.2 ላይ፣ ከ3 ሴኮንድ በላይ በራሱ የሚጫወት ድምፅ ማቆሚያ ወይም የራሱ የድምፅ መቀነሻ ይኑረው ይላል። ይህም በመመሪያው ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ያለ፣ ማንም ሊያጎድለው የማይገባ ግዴታ ነው። 3 ሴኮንዷን ማን እንደ ለካት እንጃ፤ የእኛ አገር ማስታወቂያ በ3 ሴኮንድ ውስጥ «ውድ ደንበኞቻችን» ብሎ ገና ትንፋሽ ይስባል። አገራችንም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 9 ኢንተርኔትን በስሙ ጠርቶ ተደራሽ ይሁን ይላል። ይህን ላዳኑኝ እትዬ ባጫውታቸው፣ «ታዲያ ያችን ቤት ሻጭ ክሰሳታ!» አሉኝ።

ብሮውዘሮቹም ቢሆኑ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ክሮም እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2018፣ ፋየርፎክስ በማርች 2019፣ ሁለቱም በ66ኛው ዕትማቸው፣ ድምፅ ያለው ነገር በራሱ እንዳይነሣ ከለከሉ። ወሬውን ስሰማ እፎይ ብዬ ነበር። የክሮምን ደንብ ጠጋ ብዬ ሳስነብበው ግን ቀዳዳ አለው፤ በኮምፒውተር ላይ፣ ሰውየው ይወደዋል ብሎ ላመነበት ገጽ ፈቃድ ይሰጣል። የምንወደውን በምን ያውቃል? ገጹ ላይ ድምፅ ያለው ነገር ከ7 ሴኮንድ በላይ ከተጫወተ ይመዘግብልናል፤ ምዝገባው ሲጠራቀም ገጹ እንደ ልቡ እንዲናገር ይፈቀድለታል።

እንግዲህ አስቡት። የሚያይ ሰው ያልፈለገውን በ2 ሴኮንድ ይዘጋዋል። እኔ «በተን፣ በተን» እያስባልኩ ማቆሚያውን ስፈልግ ግማሽ ደቂቃ ያልፋል። ክሮም ከጓዳ ሆኖ ይቆጥራል፤ «ይሄ ሰው ሪል እስቴት ነፍሱ ነው» ይላል። ማምለጫ ፍለጋ የባከንኩበት ጊዜ ሁሉ የፍቅር ማስረጃ ሆኖ ይያዝብኛል። በነገራችን ላይ ይህ የዓይነ ስውር ችግር ብቻ አይደለም፤ ሳንጠይቀው የሚነሣው ቪዲዮ የሚበላው የሁላችንንም ዳታ ነው። ልዩነቱ እናንተ ሲበላችሁ ታያላችሁ።

ፍጹም ጸጥታ የነበረበት ጊዜም አልታጣ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ለብዙ ወራት ስልኬ ላይ አንድም ቪዲዮ በራሱ አልተነሣም። በእጅም አልተነሣም። ያን ዓይነቱን መፍትሔ ለጠላትም አይስጠው። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሴትዮዋ ከሰገነቷ ሳትወርድ ጠበቀችኝ፤ ድምፅዋን ስሰማ ደስ አለኝ ብል ማን ያምነኛል?

ሰዎች፣ «ጩኸት እንዲህ ካስቸገረህ መናኸሪያ እንዴት ትገባለህ?» ይሉኛል። ደግ ጥያቄ ነው። ወልድያ የመንገድ መገናኛ ናት፤ ወደ ደሴ፣ ወደ ቆቦ፣ ወደ ጋሸናና ላሊበላ የሚሄደው ሁሉ እዚህ ይገናኛል፣ ረዳቱም ሁሉ እኩል ይጮኻል። በግራዬ «ቆቦ! ቆቦ!»፣ ፊት ለፊት «ደሴ፣ የሞላ!»፣ ከኋላዬ «መርሳ፣ ውርጌሳ፣ ሁለት ሰው!» እኔ አልደናገርም። እንዲያውም ጩኸቱ ነው የሚመራኝ፤ የመርሳውን ድምፅ እይዝና ዘንጌን ወደሱ አዞራለሁ፣ የቀሩት እንደሌሉ ይሆናሉ። ሁሉም ከየራሱ አቅጣጫ ስለሚመጣ ጆሮ መርጦ ይይዛል፣ መርጦ ይተዋል።

ኮሊን ቼሪ የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ ይህንኑ ነገር በሙከራ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1953 አሳትሞታል። አንድ ሰው ያነበባቸውን ሁለት ጽሑፎች ደባልቆ ለሁለቱም ጆሮ ሲያሰማ አድማጮቹ ደጋግመው ካልሰሙ በቀር መለየት ተቸገሩ። አንዱን ለቀኝ፣ አንዱን ለግራ ሲያሰማቸው ግን ያለ ጭንቀት ለዩት። እንዲያውም በተውት ጆሮ የተነገረው በየትኛው ቋንቋ እንደነበረ እንኳ ረግጠው መናገር አልቻሉም። ቼሪ ወልድያ መናኸሪያ ቢመጣ ኖሮ ላቦራቶሪ ባላስፈለገው። የስልክና የላፕቶፕ ነገር ግን የመጀመሪያው ሙከራ ነው፤ ሴትዮዋም ሙሽራዋም አያ ልሳንም ከአንዲት ቀዳዳ ነው የሚወጡት። ችግሬ ጩኸት ሆኖ አያውቅም። ችግሬ አቅጣጫ ማጣት ነው።

መድኃኒት አልጠፋም። ፋየርፎክስ ላይ ኮንትሮል ይዞ ኤም መጫን የተከፈተውን ታብ አፉን ያስይዘዋል። ፌስቡክ ላይ ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር ማድረግ ይቻላል፤ ቅንብሩን ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ጉዞ ቢሆንም። ኤንቪዲኤም እሱ ሲናገር ሌላው ድምፅ ዝቅ እንዲል የሚያደርግበት መላ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ አለው፤ ኢንሰርትና ሺፍት ይዞ ዲ መጫን ነው። አያ ልሳን ሲናገር ሴትዮዋ ታንሾካሹካለች። ትንፋሽ ሲወስድ ግን ብድግ ትላለች፤ ስለዚህ በየነጥቡና በየአራት ነጥቡ መሐል አንድ አንድ ካሬ ሜትር ትሸጥልኛለች።

ልቤን ያሳረፈው እ.ኤ.አ. በ2024 የመጣው ነው። 2024.2 በተባለው ዕትም ኤንቪዲኤ ድምፅን ለሁለት መክፈል ጀመረ፤ ኢንሰርትና ኦልት ይዞ ኤስ ሲጫኑ አያ ልሳን ወደ ግራ ጆሮ፣ የቀረው ዓለም በሙሉ ወደ ቀኝ ጆሮ ይሄዳል። የቼሪ ሁለተኛው ሙከራ ቤቴ ድረስ መጣ ማለት ነው። በላፕቶፑ የራስ ድምፅ ማጉያ ብዙም ስለማያስታውቅ ማዳመጫ ይፈልጋል። እኔ ያለኝ ማዳመጫ ደግሞ ፒያሳ በርካሽ የገዛሁት፣ ቀኙ ከሞተ የሰነበተ ነው።

ሰካሁት፤ ኢንሰርት፣ ኦልት፣ ኤስ። የዜናውን ገጽ ከፈትኩ። አያ ልሳን በግራ ጆሮዬ «ርዕስ፣ ደረጃ አንድ» አለ። ቀጠለ። ሁለተኛውን አንቀጽ ጨረሰ። ሴትዮዋ የለችም። ሴትዮዋ ከነሰገነቷ፣ ከነቅድመ ክፍያዋ ወደ ሞተው ጆሮ ተሰዳለች። እዚያው ሆና ስትሸጥ ትዋል፤ ክሮምም እዚያው ሆኖ ይቁጠር።

ሰሞኑን ቻርጀር ላሠራ አንድ ስልክ ጠጋኝ ልጅ ዘንድ ሄጄ ማዳመጫውን አየው። «ጋሼ፣ ይቺ ቀኟ እኮ ሽቦዋ ተበጥሳ ነው፤ ሻይ ሳትጨርስ ልቀጥላት?» አለኝ።

«ተዋት የኔ ልጅ» አልኩት። «ሰው አለባት።»