ሥራ ፈላጊዋ

«ጋሼ፣ ሩጫ ብቻ አይበቃትም፤ ሥራ ይስጧት» ብሎኝ የእህቴ ልጅ ቦርደር ኮሊ ውሻውን አስረክቦኝ ለእረፍት ሄደ። ሥራ! እኔ ራሴ ሜሪላንድ ገብቼ ሥራ እስካገኝ ስንት ደጅ ጠናሁ!

እኔ የማውቀው ውሻ ቀን ጥላ ሥር ተጋድሞ ውሎ ማታ ጅብ ሲመጣ የሚጮኸውን ነው። ከብት መንዳቱማ የኔ ፋንታ ነበር፤ ዱላውም የኔ፣ ጥጃ ሲጠፋ ግርፊያውም የኔ። ይህቺ ግን ዘሯ ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ድንበር ኮረብቶች ነው። እዚያ እረኛው ታች ቆሞ ያፏጫል፤ ውሻው ሽቅብ ወጥቶ የተበተነውን በግ በሰፊው ዞሮ ሰብስቦ ያመጣለታል። (ቆሞ ማፏጨት! እኔ በዚህ ሥራ እግሬ እየተላጠ ነው ያደግኩት።) የዘሩ አባት የሚባለው ኦልድ ሄምፕ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1893 ኖርዘምበርላንድ ውስጥ ተወለደ፤ በጎቹን የሚነዳውም ዝም ብሎ በማፍጠጥ ነበር።

ማፍጠጡን ወርሳለች። ስንዞር ውለን ጉልበቴ ከድቶኝ ሶፋው ላይ ስወድቅ፣ እሷ ሆዷን ምንጣፉ ላይ ለጥፋ «ቀጥሎስ?» በሚል ዓይን ታፈጥብኛለች። አእምሮዋ ካልደከመ እግሯ ቢደክም ዋጋ የለውም። የደቡብ ካሮላይናዋ ቦርደር ኮሊ ቼዘር እኮ የ1,022 አሻንጉሊቶችን ስም ለይታ ታውቅ ነበር፤ እኔ የጎረቤቶቼን ስም እንኳ ገና አልጨረስኩም። የኔዋ ሥራ አጥ ግን መስኮት ሥር አድፍጣ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ልትመልስ ትታገላለች።

ቅዳሜ የዘመድ ልጅ ምርቃት ነበረና ፓርክ ይዣት ሄድኩ። ልጆቹ ሜዳው ላይ ሲበተኑ ባየች ጊዜ ገመዱን ከእጄ መንጭቃ በረረች። አልጮኸችም። በሰፊው ዞረች፣ አጎነበሰች፣ አፈጠጠች፤ ከአፍታ በኋላ ሕፃናቱ በሙሉ አንድ ዛፍ ሥር ተጠጋግተው ቆሙ። ቀጥላ ወደ ትልልቆቹ መጣች። ዶሮ ወጥ የያዙ አንዲት እትዬ ከመኪናው ወደ ጠረጴዛው ሊያልፉ ሲሉ መንገድ ዘጋችባቸው፤ ቀኝ ቢሉ ቀኝ፣ ግራ ቢሉ ግራ። «በስመ አብ! አንተ፣ ይህቺን ጉድ ያዝልኝ!» ሊገፏት ሲሞክሩ ተረከዛቸውን ነከስ አደረገቻቸው፤ ድስቱ ተረፈ፣ መረቁ ነጠላቸው ላይ ቀረ።

«ተይ! ነይ! ኧረ ባክሽ!» ብል ማን ሰምቶ። ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ‹ዛትል ዱ› ይበሏት» አለኝ፤ የእንግሊዝ እረኞች ውሻቸውን ከሥራ የሚያሰናብቱት እንደዚያ ብለው ነው። አልኳት። ወዲያው ጅራቷን እየቆላች መጥታ እግሬ ሥር ተኛች፤ ልጆቹም እየጮሁ እንደገና ተበተኑ።

እትዬ ነጠላቸውን እያራገፉ ሲራገሙ፣ ጀበና የጣደችው እናት ከወዲያ ተጣራች፦ «ኧረ ጋሼ፣ ይመልሷት! በረካው እስኪቀዳ ልጆቹን ትያዝልን እንጂ!»