«ክቡር» የጎደለበት ደብዳቤ፦ ልደታ ላይ የተደረገ የማስጠንቀቂያ ጥናት

ስለ ዋልያና ስለ ቀይ ቀበሮ ብዙ ተጠንቷል። ሁለቱም ግን ቁጥራቸው የሚያሰጋ እንስሳት ናቸው። በአንጻሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ምንም ጥበቃ እየተራባ ሳለ አንድም ተመራማሪ ዞር ብሎ አላየውም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው።

የመስክ ሥራው የተካሄደው ልደታ ነው። ደብዳቤው ቦሌም ይወለድ ሳሪስ፣ ዕድሜው ረዝሞ ክርክር ላይ ከደረሰ በኋላ በላስቲክ ተጠቅልሎና በክላሰር ተይዞ በደንብ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ደጃፍ ስለሆነ ነው። ናሙናው የተሰበሰበው በሻይ ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ባለጉዳይ ክላሰሩን ጠረጴዛ ላይ ካሳረፈ ሳይጠየቅ ይከፍተዋል። የልደታ ማርያም ቅርበትም ለጥናቱ ጠቅሟል። አንዳንዱ ባለጉዳይ ችሎት ከመግባቱ በፊት ተሳልሞ ነው የሚመጣው፤ ክሱ ሳይሰማ ይግባኙን ለላይኛው ችሎት አስገብቶ ማለት ነው።

ለትንተና እንዲያመች አንዲት ጸሐፊ እንውሰድ። አንድ ሰው አይደለችም፤ ከብዙ ክላሰር ተለቃቅማ የተሠራች ናት። በአንድ አክሲዮን ማኅበር ትሠራለች። ከዕለታት አንድ ቀን ለአንድ ሚኒስቴር የሚላክ ደብዳቤ ስትጽፍ «ለክቡር አቶ» ማለት ሲገባት «ለአቶ» ብላ አለፈች። ደብዳቤው ደረሰ፣ ተነበበ፣ የተጠየቀውም ተፈጸመ። ተቀባዩ ስለመቀየማቸው የተገኘ ማስረጃ የለም። ጉድለቱን ያዩት ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ ያዩትም ከሳምንት በኋላ ቀሪውን ሲያገላብጡ ነው። እንዳዩትም ደነገጡ። የፈረሙት እሳቸው ነበሩ።

የጥናቱ ዋና ግኝት ከዚህች ድንጋጤ ይመነጫል። የማስጠንቀቂያ ክብደት የሚለካው በጥፋቱ አይደለም፤ አለቃው ለራሳቸው አለቃ በተጋለጡበት መጠን ነው። መጋዘን ሙሉ ዕቃ የጎደለ እንደሆነ የሚወጣው ደብዳቤ ሦስት መስመር ነው፤ «ጉዳዩ እየተጣራ መሆኑን እንገልጻለን» ይልና ይተኛል። ብዙ ትልልቅ ሰው ያለበት ነገር ብዙ አያስጽፍም። አንዲት ቃል ብቻ የጎደለች እንደሆነ ግን ገጽ ተኩል ይጻፋል። ጥፋቱ ባነሰ ቁጥር ደብዳቤው ይረዝማል፤ ትንሽን ነገር ትልቅ ማስመሰል ቦታ ይፈልጋላ።

አካሉን እንመልከት። ከላይ «ጉዳዩ፦ ከባድ የሥነ ሥርዓት ጉድለትን ይመለከታል» የሚል ከሥሩ የተሰመረበት ራስ አለው። ቀጥሎ የቀንና የቁጥር አንቀጽ ይመጣል፤ ይህ የደብዳቤው ብቸኛ እውነት የሆነ ክፍል ነው። ከዚያ «የድርጅቱን መልካም ስምና ገጽታ በሚያጎድፍ መልኩ» ይከተላል። ከዚያም «ከዚህ ቀደም በተደጋጋሚ በቃል ቢነገርዎትም» የምትለው ሐረግ አለች፤ በቃል ምንም ያልተነገረው ሰው ደብዳቤ ላይ እንኳ ሳትቀር የተገኘች በመሆኗ ማንም ሳይጽፋት የምትበቅል ሳትሆን አትቀርም። መጨረሻው «የማያዳግም እርምጃ» ነው። ጸሐፊዋ ስድስት ዓመት ሙሉ «አንቺ» ስትባል ኖራ በዚህ ወረቀት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ «እርስዎ» ሆናለች። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ መከበር የሚጀምረው ከቅጣት ጋር መሆኑ ልብ ይሏል።

የሰላምታው ነገር ደግሞ ለብቻው ጥናት ያሻዋል። በድሮው የነገሥታትና የመኳንንት ደብዳቤ ሰላምታ ከላይ ነበር። ጸሐፊው የተቀባዩን ጤንነት ይጠይቃል፣ የራሱን ደኅንነት ይናገራል፣ ፈጣሪን ያመሰግናል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቁጣው የሚመጣው። የዛሬው አሠራር ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል። መጀመሪያ ደመወዝ ይቀጣል፣ ቀጥሎ ያስፈራራል፣ በስተመጨረሻ «ከሰላምታ ጋር» ብሎ ይፈርማል። ቲተርና ማኅተም የሚያርፉትም በሰላምታው ላይ ነው።

ደብዳቤው አለቀ ሲባል ግን ዋናው ክፍል ገና ይጀምራል፤ ግልባጭ ማለታችን ነው። ለሰው ኃይል አስተዳደር፣ ለፋይናንስ፣ ለሕግ አገልግሎት፣ ለውስጥ ኦዲት፣ ለግል ማኅደር፣ አንዳንዴም ለጥበቃ ክፍል። ስለ «ክቡር» መጉደል ጥበቃው ምን እንዲያደርግ እንደሚጠበቅ አልተገለጸም። የግልባጩ ዝርዝር ሲመረመር ግን የደብዳቤው ትክክለኛ አድራሻ ይገለጣል። ደብዳቤው ለጸሐፊዋ የተጻፈ አይደለም። ለበላይ የተጻፈ ነው፤ «ስሕተቱን አይቻለሁ፣ የኔ አይደለም፣ እርምጃም ወስጃለሁ» ይላል። ጸሐፊዋ በራሷ ማስጠንቀቂያ ላይ የፖስታ ሣጥን ሆና ነው የምታገለግለው።

ታዲያ ይህን ደብዳቤ የጻፈው ማን ነው? በቢሮው ያለችው ጸሐፊ አንድ ብቻ ናት። ሥራ አስኪያጁ ቆመው ይናገራሉ፣ እሷ ተቀምጣ ትጽፋለች። «ሥነ ሥርዓት» በየትኛው «ሠ» እንደሚጻፍ የጠየቋት እሳቸው ናቸው። «ያጎድፋል» ወይስ «ያጎደፈ» የሚለውንም ያረመችው እሷ ናት። ግልባጩ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ «እዚህ ላይ ‹ክቡር› ልጨምር?» ብትል፣ ጥያቄዋ እንደ ንቀት ተቆጥሮ አራተኛ አንቀጽ ሆኖ ገብቷል። እሱንም ራሷ ጻፈችው።

የመስኩ ምሁራን «ለምን ጠርተው አልነገሯትም?» ይሉ ይሆናል። የቃል ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር በሕጋችን አለ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ለዓመታት ሲተዳደሩበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 515/1999 ቅጣትን ስድስት ደረጃ አድርጎ ደርድሮታል። ከቃል ማስጠንቀቂያ ይነሣል፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ እስከ አንድ ወርና እስከ ሦስት ወር በሚደርስ የደመወዝ ቅጣት፣ ከደረጃ ዝቅ በማድረግ በኩል ያልፍና ስንብት ላይ ይደርሳል። የመጀመሪያው ደረጃ ግን ከምድረ ገጽ እየጠፋ ነው። ምክንያቱም ቃል ግልባጭ የለውም። ጨርሶ እንዳይጠፋ የተገኘው መፍትሔ «የቃል ማስጠንቀቂያ የተሰጠዎት መሆኑን በዚህ ደብዳቤ እናሳውቃለን» የሚል ነው።

የባሕሉ ታሪክ አጭር ነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስትርነቱን የያዙት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ነበሩ፤ ወረቀትና ማኅተም ከሥልጣን ጋር ያላቸው ዝምድና እንግዲህ የትናንት አይደለም። ደርግ ሂስና ግለ ሂስን አመጣ፤ ሠራተኛው ጥፋቱን በራሱ አንደበት ስለሚናገር ወረቀት ይቆጥብ ነበር። በኢሕአዴግ ዘመን ግምገማ ተተካ፤ ስብሰባው ሲረዝም ጥፋቱም አብሮ ይረዝም ነበር። ቢፒአርም መጣ፣ ካይዘንም መጣ፤ መደርደሪያ ተስተካከለ፣ ክላሰር ቀለም ተሰጠው። ማስጠንቀቂያው ግን ከነ ግልባጩ ሁሉንም ተሻግሮ ዛሬ ደርሷል።

ለትንሽ ጥፋት ትልቅ ቅጣት የኛ ብቻ ነው ብሎ የሚኮራ ካለ ግን ተሳስቷል። ለንደን የነበረው የብራያንትና ሜይ የክብሪት ፋብሪካ ሴት ሠራተኞቹን እያወራችሁ ነው፣ እግራችሁ ቆሽሿል እያለ ከደመወዛቸው ይቆርጥ ነበር። በ1888 እ.ኤ.አ. ወደ 1,400 የሚሆኑት ሥራ አቁመው ወጡ፤ ቅጣቱም ቀረላቸው። ግልባጭ ለማን ይደረግ እንደነበር የታሪክ መዛግብት አይናገሩም።

ሕጉ ምን ይላል? እዚህ ላይ ጥናቱ አንድ አስገራሚ ነገር ገጥሞታል፤ ሕጉ ከአለቆች ይልቅ ታጋሽ ነው። የሥራ ውልን የሚመለከቱ ድንጋጌዎች ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተነሥተው፣ በአዋጅ ቁጥር 64/1968፣ በ42/1985 እና በ377/1996 አድርገው አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ ደርሰዋል። በዚህ አዋጅ አንቀጽ 27 መሠረት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ የሚሰናበትባቸው ምክንያቶች ተቆጥረው ተቀምጠዋል። ማታለል አለ፣ የድርጅትን ንብረት ያላግባብ መጠቀም አለ፣ ሥራ ቦታ ላይ አምባጓሮ ማስነሣት አለ። ዘግይቶ መግባት እንኳ የሚያሰናብተው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ከሆነና ሠራተኛው በጽሑፍ ከተነገረው ነው። ሕግ አውጪው ቁጭ ብሎ ስምንት ድረስ ቆጥሯል። ከሦስት በላይ የቆጠረ አለቃ ግን በመስክ ሥራው አልተገኘም። «ክቡር»ን መርሳት በዝርዝሩ ውስጥ ቢፈለግ ታጣ።

አዋጁ ሰዓትም አለው። አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካላሰናበተ መብቱ ይቀራል። ስለዚህ ጥፋቱ ሳያረጅ ሌላ ጥፋት መውለድ አለበት፤ ይህም ሲያስቸግር አልታየም። ጸሐፊዋ ደብዳቤውን «አልቀበልም» አለች። ሾፌሩና የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ምስክር ሆነው ፈረሙ፤ ወረቀቱም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። በማግሥቱ ሁለተኛ ደብዳቤ ወጣ፤ ጉዳዩም የመጀመሪያውን ደብዳቤ አለመቀበል ነው። ለሁለተኛው መልስ ጻፈች። ሦስተኛው ወጣ፤ ጉዳዩም መልሱ የተጻፈበት ቋንቋ ነው። ከዚህ በኋላ «ክቡር» የሚባለው ቃል ከክርክሩ ጨርሶ ወጥቷል፤ ደብዳቤዎቹ ራሳቸውን በራሳቸው መመገብ ጀምረዋል። አራተኛው ስንብት ሆነ።

እንግዲህ ልደታ ደረስን። ሕጉ የሥራ ክርክር በ60 ቀናት ውስጥ እንዲወሰን ያዛል። የቀጠሮ ካላንደር ግን ይህን አንቀጽ በራሱ መንገድ ነው የሚተረጉመው። ጸሐፊዋ አቤቱታዋን ያስጻፈችው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ አጻጻፉን አልወደደችውምና ወንበሩን ተቀብላ ራሷ ጻፈችው። የድርጅቱ ጠበቃ በመልሳቸው «አለቃን አለመታዘዝ» አሉ፣ «የገጽታ መበላሸት» አሉ፣ «የመተማመን መጥፋት» አሉ። ዳኛዋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ከአንቀጽ 27 በየትኛው ፊደል ሥር ነው የሚወድቀው?» ጠበቃው ክላሰራቸውን ገለጥ ገለጥ አድርገው አጭር ቀጠሮ እንዲሰጣቸው አመለከቱ።

ሕገ ወጥ ስንብት ሲረጋገጥ ፍርድ ቤቱ ሁለት መንገድ አለው። ሠራተኛው ወደ ሥራው እንዲመለስ ያዛል፤ ወይም ግንኙነታቸው ቢቀጥል ከባድ ችግር ያስከትላል ብሎ ካመነ በካሣ ያሰናብተዋል፤ ላልተወሰነ ጊዜ ለተቀጠረ ሠራተኛ ካሣው የአማካይ ቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ነው፤ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያም ይታከልበታል። ሁለተኛው መንገድ ለምን እንደተፈለገ ለመረዳት የድሮውን ቁራኛ ማስታወስ ነው። ያን ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ በሰንሰለት ተቆራኝተው፣ አብረው በልተው፣ አብረው ተኝተው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። ተፈርዶላት የተመለሰች ጸሐፊና የተፈረደባቸው ሥራ አስኪያጅ በአንድ በር ሲገቡ ሰንሰለቱ ብቻ ነው የሚጎድለው።

በኛ ናሙና ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያውን መንገድ መረጠ። ወደ ሥራ ትመለስ፣ የስድስት ወር ውዝፍ ደመወዝም ይከፈላት ተባለ፤ ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሕጉ የፈቀደው ጣሪያ እዚያ ድረስ ነው። ፋይናንስ ለመክፈል ደብዳቤ ጠየቀ። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አልነበረም፤ ቦታው ክፍት ነበርና።

ሰኞ ጠዋት ጸሐፊዋ የፍርዱን ግልባጭ በቦርሳዋ ይዛ ከሥራ መግቢያ ሰዓት አሥር ደቂቃ ቀድማ በር ላይ ተገኘች። ጥበቃው ሳቀላት፣ አስገባት። አሻራዋን ማሽኑ ላይ አደረገች፤ ማሽኑ አላወቃትም፤ በተሰናበተች ማግሥት ተሰርዛለች። አይቲ ተጠራ። አይቲ የሚመጣው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። መጥቶ አስመዘገባትና ማሽኑ ሰላም ብሎ ተቀበላት፤ የገባችበትንም ሰዓት መዘገበ፦ ሦስት ከሃያ፣ ዘግይታ። በአዋጁ ሒሳብ ሰባት ይቀራታል።