እጅጌሽን ሰብስቢ

ፒያሳ ወርቅ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው፤ እኔ የሄድኩት ግን የጋብቻ ቀለበቴን ላስቆርጥ ነው። አትደንግጡ፣ ትዳሬ ደህና ነው። ያበጠው ጣቴ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የግራ ጡቴ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ብብቴ ውስጥ ያሉት የሊምፍ እጢዎችም አብረው ወጡ። እነሱ ከወጡ ወዲያ የሊምፍ ፈሳሹ መሄጃ ሲያጣ ክንድ ላይ ይጠራቀማል። ኬሞው አልቆ፣ ጨረሩ አልቆ፣ ፀጉሬ በቅሎ፣ ከጥቁር አንበሳ የቸርችልን ዳገት በእግሬ ወጥቼ ለጊዮርጊስ ስለቴን ካስገባሁ በኋላ ነው እጄ ማበጥ የጀመረው። ጥቁር አንበሳን ካነሳሁ አይቀር፣ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው እዚያ ብቻ ስለነበር ከጎጃምም ከባሌም ከሐረርም ከመጡ ሴቶች ጋር ተራ ስንጠብቅ ስንቅ ተካፍለናል። ዛሬም በየጸሎቴ አነሳቸዋለሁ።

ዶሮ ማነቂያ ሳለን ጎረቤቶቼ ባልዲ እንዳታነሺ፣ ሊጥ እንዳታቦኪ እያሉ ሁሉን ይሠሩልኝ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ሁሉም በየደረሰው ኮንዶሚኒየም ተበተነ፣ ቡናችንም አብሮ ተበተነ። እኔም እጄን በረጅም ሹራብ ሸፍኜ ቤቴ ተቀመጥኩ።

እና ወርቅ ሠሪው፣ ልጅ እግር ነው፣ «ማዘር፣ መቁረጥ ምን ያደርጋል፣ በሳሙና ይወጣል» አለኝ። ሳሙና ቀባ፣ አልወጣም። ለሙሽራ ልጇ ሐብል የምታማርጥ ሴት «ቅቤ ነው የሚያወጣው» አለች። ጥበቃው ክር አምጥቶ ጣቴን ከጥፍሬ ጀምሮ ይጠመጥም ገባ። አንዱ ይስባል፣ አንዱ ይመክራል። በመጨረሻ ልጁ «እጅጌዎን እስቲ ይሰብስቡት» አለኝ። ሰበሰብኩት። ቆዳው የተወጠረው ክንዴ በዚያ ሁሉ መብራትና መስታወት መሃል ወጣ። ቤቱ ጸጥ አለ። የሙሽራዋ እናት «ዝሆኔ ነው እንዴ?» አለችና ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ሳሙናው ከክርኔ ጠብ ጠብ ይላል፤ የምይዘው የለኝ፣ የምገባበት የለኝ። ቀለበቱ ባለበት ነው።

ይሄኔ ስልኬ ጮኸ። እጄ ሳሙና ስለሆነ ጥበቃው አንስቶ ፊቴ ላይ ደቀነልኝ፤ ቫንኩቨር ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት፣ በኢሞ። እሷም በዚሁ በሽታ አልፋለች። እዚያ ገና ጠዋት ነው፤ የዋና ጃኬት አጥልቃ፣ መቅዘፊያ ታቅፋ፣ ውሃ ዳር ቆማለች። «ምን ሆነሽ ነው?» አለች። ክንዴን አሳየኋት። «ለዚህ እጅ እኮ ነው ጀልባው!» ብላ ጮኸች፤ ቤቱ ሙሉ ሰማ።

ጀልባው የቻይናዎች የዘንዶ ጀልባ ነው። ሃያ ቀዛፊ፣ ከፊት አንድ ከበሮ መቺ፣ ከኋላ አንድ መሪ አለው። ድሮ ሐኪሞች የጡት ካንሰር የታከመች ሴት እጇ ላይ ሥራ ካበዛች ያብጣል ብለው ይሰጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 እዚያው ቫንኩቨር ዶን ማኬንዚ የሚባል የስፖርት ሐኪም 24 ሴቶችን ቀስ በቀስ አለማምዶ ጀልባ ላይ አወጣቸው። አዲስ ያበጠባት አልተገኘችም፤ ቀድሞ ያበጠባትም አልባሰባትም። ዛሬ በብዙ አገር እንዲህ ያሉ ቡድኖች አሉ። ያለፉትን ለማሰብ ውሃው ላይ ሮዝ አበባ ይበትናሉ። የአክስቴ ልጅ ከበሮ ስትለኝ ጆሮዬ ወደ ጊዮርጊስ ሄዶ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለእነዚህ ሴቶች ነው፤ ያንን የቡና ጎረቤት ያጣ ሰው ይገባዋል።

ጠቅላላው ወርቅ ቤት ስልኬን ከቦ ካየ በኋላ፣ ለማንም ብዬው የማላውቀውን አልኩ። «ዝሆኔ አይደለም። የጡት ካንሰር ነበረብኝ፤ ታክሜ ድኛለሁ።» በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በዚህ በሽታ ደግሞ ስንቷ እብጠቷን ደብቃ ዘግይታ እንደምትመጣ ተራ ስጠብቅ አይቻለሁ። ከሴቶች ካንሰር በአገራችን አንደኛው ይኸው ሆኖ ሳለ ስሙን በሹክሹክታ መጥራታችን ያንገበግበኛል።

የሙሽራዋ እናት ቦርሳዋን ወንበር ላይ ጣለችና በነጠላዋ ጫፍ ሳሙናውን ከክርኔ ትጠርግልኝ ጀመር። «እህቴ» አለች፣ «ታክማ ጨርሳለች። ግን ከቤት አትወጣም፤ ለልጄም ሠርግ አልመጣም ብላለች።»

ቀለበቱ በመጋዝ ተቆረጠ፤ ልጁ ሂሳብ አልቀበልም ብሎ ተከራከርን።

ቅዳሜ ከእህትየዋ ጋር ጥቁር አንበሳ በር ተገናኝተን የቸርችልን ዳገት በየአቅማችን እንወጣለን። ጀልባውን ቢሾፍቱም ሆነ ጣና በኋላ እንፈልገዋለን። «እህቴ ዋና አትችልም» ብላኛለች የሙሽራዋ እናት፤ እኔም አልችልም፣ ጃኬት አለ። የአክስቴ ልጅ ከበሮ መቺውን ከአሁኑ ምረጡ ስላለች፣ የወርቅ ቤቱ ጥበቃ እጁን አውጥቷል።